የዘገየው እርከን፦ የሕንድ ጡረተኛ ወታደሮች የፍርድ ቤት ደጅ ጥናት

በሕንድ ጦር አንድ ተራ ወታደር የማዕረግ ዕድገት ሳያገኝ ስምንት ዓመት ካገለገለ፣ በትከሻው ላይ ያለው ምልክት ባይለወጥም ደመወዙ ወደ ቀጣዩ እርከን ከፍ ይላል። በ16ኛው ዓመት ሁለተኛ፣ በ24ኛው ዓመት ሦስተኛ ጭማሪ ይከተላል። ለሲቪል የመንግሥት ሠራተኞችም ተመሳሳይ ሥርዓት አለ፤ የእነርሱ ልዩነት በ10፣ በ20 እና በ30 ዓመት መሆኑ ነው። ሥርዓቱ የተፈጠረው ከአገልጋዩ ስንፍና ሳይሆን ከመዋቅሩ ጠባብነት የተነሳ ነው። በየትኛውም ጦር የአሥር አለቃ ቦታ ከተራ ወታደር፣ የሃምሳ አለቃ ቦታ ደግሞ ከአሥር አለቃ ያነሰ ነው። ብቁ የሆነ ሰው ክፍት ቦታ ስለጠፋ ብቻ ዘመኑን ሁሉ በአንድ ደመወዝ እንዳያሳልፍ፣ መንግሥት ዕድገቱን በገንዘብ ሊያካክስለት ቃል ገባ።

ይህ ቃል በወታደር ቤት ከሲቪሉ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የሕንድ ተራ ወታደር በአብዛኛው ከሠላሳዎቹ የዕድሜ ክልል ሳይወጣ ጡረታ ይወጣል፤ ጦሩ ወጣት ሆኖ መቆየት ስላለበት ነው። የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻ ደመወዙ ላይ በመሆኑ፣ በአገልግሎት ዘመኑ የቀረበት አንድ እርከን ከእርሱ ጋር ወደ ቤቱ ይገባል፤ ለቀጣዮቹ ሠላሳና አርባ ዓመታት በየወሩ ይጎድልበታል፤ ሲሞትም ለሚስቱ በሚሰጠው የተተኪ አበል ላይ ይቀጥላል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ጦር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 በከረን ተራሮችና በአምባ አላጌ ከጣሊያን ጋር የተዋጉት ክፍሎች ውስጥ ሕንዳውያን ነበሩ፤ የሐረር ጦር አካዳሚ የመጀመሪያዎቹን ዕጩ መኮንኖች ሲያሠለጥንም አስተማሪዎቹ የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእርከን ጭማሪው ክርክር የተነሳው በአንድ ቀን ላይ ነው። በየአሥር ዓመቱ ከሚመጡት የደመወዝ ኮሚሽኖች ስድስተኛው ያቀረበውን ሐሳብ መንግሥት ኦገስት 30 ቀን 2008 ሲቀበል፣ አዲሱ ደመወዝ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ወደ ኋላ ታስቦ እንዲከፈል፣ አበሎች ግን ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ ብቻ እንዲሠሩ ወሰነ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሜይ 2011፣ ለጦሩ የወጣው የአፈጻጸም መመሪያ የእርከን ጭማሪውን ከሴፕቴምበር 2008 ጀምሮ እንዲሠራ አደረገው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያሉት 32 ወራት ለቢሮ ሰው ትንሽ ሊመስሉ ይችላሉ። በእነዚያ ወራት ጡረታ ለወጣው ወታደር ግን ጥያቄው የዕድሜ ልክ ነበር፤ ስምንተኛውን፣ አሥራ ስድስተኛውን ወይም ሃያ አራተኛውን ዓመት ቢሞላም፣ ሥርዓቱ ሲጀመር እርሱ ከሰፈር ወጥቷልና ምንም አያገኝም።

ክርክሩ ወደ አንድ ነጥብ ወረደ፦ የእርከን ጭማሪ ደመወዝ ነው ወይስ አበል? መንግሥት የዕድገት መርሐ ግብር እንጂ የደመወዝ አካል አይደለም፣ ስለዚህ ከ2008 ይጀምራል ሲል ተከራከረ። ወታደሮቹ ደግሞ መሠረታዊ ደመወዝን የሚያሳድግና ጡረታን የሚለውጥ ነገር እንዴት አበል ይባላል ብለው መለሱ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 8 ቀን 2017፣ በባልቢር ሲንግ ተርን ስም በሚጠራው መዝገብ፣ ለወታደሮቹ ፈረደ። ዳኞቹ ማዳን ሎኩርና ዲፓክ ጉፕታ የሄዱበት መንገድ ቀጥተኛ ነበር። መንግሥት ራሱ በ2008 ውሳኔው ደመወዝን ከ2006 አስጀምሯል፤ የእርከን ጭማሪው የደመወዝ መዋቅር አካል ነው፤ እንግዲያውስ ከመንግሥት ውሳኔ በታች የሆነ መመሪያ ቀኑን ሊገፋው አይችልም። የመከላከያ ሚኒስቴር የአፈጻጸም ትዕዛዝ ያወጣው በ2018 ነው። ከ2006 ሲቆጠር 12 ዓመት አልፏል። በ38 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው በዚያን ጊዜ 50 ሞልቶታል።

ሁሉም የእርከን ክርክር ግን ለጠያቂዎቹ አልቀናም። በ2020 በሞሃናን ናየር መዝገብ ፍርድ ቤቱ፣ የእርከን ጭማሪ ማለት ወደ ቀጣዩ የደመወዝ ደረጃ መውጣት እንጂ ሠራተኛው ቢሾም ኖሮ የሚያገኘውን የሹመት ቦታ ደመወዝ ማግኘት አይደለም ሲል ወስኗል። በዚህ ውሳኔ ብዙ ሲቪል ሠራተኞች በበታች ችሎቶች ያገኙትን ድል አጡ።

ከእርከን ክርክሮች ሁሉ በላይ የሥርዓቱን በሽታ ወለል አድርጎ የሚያሳየው የመኮንኖቹ የ«ማዕረግ ክፍያ» ጉዳይ ነው። አራተኛው የደመወዝ ኮሚሽን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1986 ጀምሮ ከመሠረታዊ ደመወዝ ሌላ ለሻምበል 200፣ ለሻለቃ 600፣ ለሌተናል ኮሎኔል 800፣ ለኮሎኔል 1,000፣ ለብርጋዴር 1,200 ሩፒ በየወሩ በማዕረግ ስም እንዲሰጥ አደረገ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ በመስክ የሚያዝ መኮንን ለተሸከመው ማዕረግ ተጨማሪ ያግኝ የሚል ነው። የሒሳብ ሠራተኞች ግን የእያንዳንዱን መኮንን ደመወዝ በአዲሱ መለኪያ ላይ ሲደለድሉ፣ በመጀመሪያ የማዕረግ ክፍያውን ያህል ከመሠረታዊ ደመወዙ ቀነሱ፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ መጠን በማዕረግ ስም መልሰው ጨመሩለት። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተወሰደ። ተጨማሪ ነው የተባለው ገንዘብ ተጨማሪ መሆኑ ቀረ፤ መሠረታዊ ደመወዙም ዝቅ ብሎ ስለተጻፈ፣ በእርሱ ላይ የሚሰላው ሌላ ክፍያና ጡረታ አብሮ ዝቅ አለ።

ይህን ሒሳብ ይዞ ፍርድ ቤት የሄደው ሻለቃ ኤ. ኬ. ዳናፓላን ነው። በ1996 በኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ በኦክቶበር 1998 ረታ። መንግሥት ይግባኝ አለ፤ በ2003 ይግባኙ ወደቀ። መንግሥት ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2005 እዚያም አልተቀበሉትም። ገንዘቡ ተከፈለ፤ የተከፈለው ግን ለአንድ ሻለቃ ብቻ ነበር። ልክ እንደ እርሱ የተቀነሰባቸው፣ በዚያው መመሪያ፣ በዚያው ቀመር፣ በዚያው ቀን የተጎዱ በሺዎች የሚቆጠሩ መኮንኖች ምንም አልደረሳቸውም። መንግሥት ለአንዱ የሠራውን ስሕተት በፍርድ ቤት ተነግሮት ካረመ በኋላ፣ ያንኑ ስሕተት በሌሎቹ ላይ እያወቀ ቀጠለበት። ለዚህ ከበደል ሌላ ስም መስጠት ያስቸግራል።

የቀሩት መኮንኖች በየክፍለ ሀገሩ ክስ አቀረቡ፤ መዝገቦቹ ተጠቃለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። ማርች 8 ቀን 2010 ፍርድ ቤቱ ክፍያው ተመሳሳይ ሁኔታ ላላቸው መኮንኖች ሁሉ፣ ክስ ላቀረቡትም ላላቀረቡትም፣ ከ6 በመቶ ወለድ ጋር እንዲፈጸም አዘዘ። መንግሥት ወጪው ከባድ ነው ብሎ ትዕዛዙ እንዲነሳለት ዳግመኛ ጠየቀ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2012 የመጨረሻው ቃል መጣ፦ ክፍያው ይጸናል፤ ወለዱ ግን ከ1986 ሳይሆን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ይታሰባል። ጡረተኞቹ ረቱ፤ የ20 ዓመት ወለድ ግን ቀረባቸው። የተቀነሰው ገንዘብ በ1986 ምን ይገዛ እንደነበርና በ2012 ምን እንደሚገዛ ለሚያስብ ሰው፣ በወለዱ ላይ የተደረገው ቅናሽ የዋናው ገንዘብ ቅናሽ ነው።

የእንዲህ ያለ ጥያቄ መንገድ ረጅም የሚሆነው ከችሎት በፊት ጀምሮ ነው። ጡረተኛው መጀመሪያ ማኅደሩ ወዳለበት የክፍለ ጦሩ መዝገብ ቤት ያመለክታል። መዝገብ ቤቱ የአገልግሎት ዘመኑን፣ ማዕረጉንና እርከኑን አጣርቶ በፕራያግራጅ ከተማ፣ በቀድሞ ስሟ አላሃባድ፣ ወደሚገኘው የመከላከያ ጡረታ ሒሳብ መሥሪያ ቤት ይልካል። አበሉን የሚወስነው ደብዳቤ የሚወጣው ከዚያ ነው። በማኅደሩ ላይ አንድ ቀን ከተሳሳተ ወይም አንድ ወረቀት ከጎደለ ጉዳዩ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በፑንጃብ፣ በሂማቻል ወይም በራጃስታን ገጠር ያለ የቀድሞ ወታደር ይህን የሚያደርገው በፖስታ፣ በልጁ እጅ ወይም በቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ውስጥ ባለ ሰው እርዳታ ነው። ከቢሮው «መመሪያው አይፈቅድም» የሚል አጭር መልስ ሲደርሰው ነው ሕጋዊ ክርክር የሚጀምረው።

እስከ 2009 ድረስ ክርክሩ የሚቀርበው የሌላውም ዜጋ መዝገብ በተቆለለበት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር። በ2007 በወጣ አዋጅ የተቋቋመው የጦር ኃይሎች ልዩ ፍርድ ቤት በ2009 ሥራ ጀመረ፤ ዋናው ችሎት በኒው ዴልሂ፣ ሌሎቹ በቻንዲጋር፣ በላክናው፣ በኮልካታ፣ በቼናይ፣ በኮቺ፣ በጃይፑርና በሌሎችም ከተሞች ተቀመጡ። በእያንዳንዱ ችሎት ከሕግ ዳኛ ጎን የጦር መኮንን የነበረ አባል ይቀመጣል፤ የመዝገብ ቤቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በችሎት መኖሩ ለወታደሩ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ ልዩ ፍርድ ቤት በላይ ያለው መንገድ ግን ለዓመታት ጠብቦ ቆይቷል። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የልዩውን ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዳያዩ ስላደረገ፣ የተሸነፈ ተራ ወታደር የቀረው ደጅ ዴልሂ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብቻ ሆነ፤ ያም የሚከፈተው አጠቃላይ ጠቀሜታ ያለው የሕግ ጥያቄ ሲኖር ነው። ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱ የተመለሰው በማርች 2023 ነው።

ከዚያ ደግሞ ይርጋ አለ። ጉዳቱ በየወሩ የሚደገም ስለሆነ የጡረታ ጥያቄ በይርጋ ፈጽሞ አይታገድም፤ አበሉ ባነሰ ቁጥር አዲስ በደል እየተፈጸመ ነው ይላል የሕንድ ሕግ። ነገር ግን በ2008 በታርሰም ሲንግ መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በውዝፉ ላይ ወሰን አበጀ። ታርሰም ሲንግ በ1983 በጤና ምክንያት ከጦሩ የተሰናበተ ወታደር ነበር፤ የአካል ጉዳት ጡረታውን በፍርድ ቤት የጠየቀው በ1999 ነው። የበታቹ ችሎት የ16 ዓመት ውዝፍ ፈቅዶለት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መብቱን አጸናለትና ውዝፉን ክስ ከመመሥረቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ላይ አቆመው። ዛሬ በአብዛኛው የጡረታ መዝገብ ላይ የመንግሥት ጠበቃ የሚመዘው ይህንኑ ውሳኔ ነው።

የይርጋው ምክንያት በሕግ መጽሐፍ ላይ ያሳምናል፤ መንግሥትም እንደማንኛውም ባለዕዳ ማለቂያ በሌለው ሒሳብ ሊያዝ አይገባም። ሕይወት ላይ ሲወርድ ግን የሚጎዳው መብቱን ዘግይቶ የሰማው ነው፤ ዘግይቶ የሚሰማው ደግሞ ከከተማ የራቀው፣ ማንበብ የሚከብደውና ባሏ የሞተባት ሴት ናቸው። ስሕተቱን የሠራው ቢሮ ማኅደሩን በእጁ ይዞ እያወቀ ዝም ሲል፣ የዝምታው ትርፍ ለራሱ ይቀራል። በ2014 በአርቪንድ ኩማር ስሪቫስታቫ መዝገብ የተቀመጠው መርህ ይህን ለማለዘብ ይሞክራል፦ ለአንድ ሠራተኛ የተፈረደው ተመሳሳይ ሁኔታ ላላቸውም ሊሰጥ ይገባል። ነገር ግን ሌላው ሲከራከር አጥር ላይ ተቀምጦ ቆይቶ፣ ፍርድ ሲሰጥ ብቻ የሚመጣ ሰው ሊከለከል ይችላል ይላል። አጥር ላይ የተቀመጠውንና አጥሩ የት እንዳለ እንኳን ያልተነገረውን ሰው መለየት ለየችሎቱ ተትቷል።

የዚህ ሁሉ ሕግ መሠረት የተጣለው ዲሴምበር 17 ቀን 1982 ነው። መንግሥት በ1979 የጡረታ ቀመሩን ሲያሻሽል፣ የሚጠቀሙት ከማርች 31 ቀን 1979 ጀምሮ ጡረታ የወጡ ብቻ ናቸው አለ። ዲ. ኤስ. ናካራ የተባለ በመከላከያ ሚኒስቴር የፋይናንስ አማካሪ የነበረ፣ በ1972 ጡረታ የወጣ ባለሥልጣን፣ ከአንድ የጦር ጡረተኛና ከአንድ የሲቪክ ማኅበር ጋር ከሰሰ። አምስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት፣ በዳኛ ዲ. ኤ. ዴሳይ ብዕር፣ ጡረታ በአሠሪ ቸርነት የሚታደል ስጦታ ሳይሆን ላለፈ አገልግሎት የሚከፈል መብት ነው ሲል ወሰነ፤ ጡረተኞችን በአንድ የቀን መስመር ሁለት ቦታ መክፈልም የእኩልነትን ድንጋጌ ይጥሳል አለ። ችሎቱን የመሩት ዋና ዳኛ ዋይ. ቪ. ቻንድራቹድ ነበሩ። ዲሴምበር 17 እስከ ዛሬ በሕንድ የጡረተኞች ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ከዓመታት በኋላ ያው ጥያቄ ተመልሶ የመጣው «አንድ ማዕረግ፣ አንድ ጡረታ» በሚለው መፈክር ነው። በአንድ ማዕረግ፣ እኩል ዓመት ያገለገሉ ሁለት ወታደሮች፣ አንዱ በ1990 ሌላው በ2010 ጡረታ ስለወጡ ብቻ የተራራቀ አበል ሊያገኙ አይገባም የሚል ነው። በየአሥር ዓመቱ የሚመጣ አዲስ የደመወዝ ኮሚሽን ልዩነቱን እያሰፋው ሄዶ ነበር። በ2011 በፓርላማ አባሉ ባጋት ሲንግ ኮሺያሪ የተመራው ኮሚቴ ጥያቄውን ደገፈ። ተግባር ግን አልተከተለም።

ጁን 15 ቀን 2015 ጡረተኞቹ ወደ ጃንታር ማንታር ወጡ። ቦታው በኒው ዴልሂ መሀል፣ ከጥንታዊው የከዋክብት መመልከቻ አጠገብ ያለ የሰልፍ አደባባይ ነው። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ሜዳልያቸውን በደረታቸው ደርድረው፣ የየክፍለ ጦራቸውን ቆብ ደፍተው፣ በበጋው ሙቀት ከድንኳን ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ በየተራ ጾሙ። ኦገስት 14፣ የነጻነት በዓል ዋዜማ ላይ፣ ፖሊስ ለጸጥታ ብሎ ሊያነሳቸው ሞከረ። ልብሳቸው የተቀደደ አዛውንት ወታደሮች በቴሌቪዥን ታዩ፤ አገሩ ደነገጠ። ከቀናት በኋላ አንዳንዶቹ የረሀብ አድማውን እስከ ሞት አደረጉት። ሴፕቴምበር 5 መንግሥት ጥያቄውን መቀበሉን አስታወቀ፤ ዝርዝሩ በኖቬምበር 7 ወጣ።

ዝርዝሩ ግን መፈክሩን አላከለም። አበሉ በ2013 ጡረታ የወጡትን ዝቅተኛና ከፍተኛ አማካይ ይዞ ከጁላይ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ በየአምስት ዓመቱ ይከለሳል ተባለ። ጡረተኞቹ በአምስቱ ዓመት መካከል ያው ልዩነት ተመልሶ ይፈጠራል ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ማርች 16 ቀን 2022 ሦስት ዳኞች ፖሊሲው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም፣ የአምስት ዓመቱ ክለሳም የመንግሥት ምርጫ ነው ብለው ወሰኑ። ፍርዱን የጻፉት ዲ. ዋይ. ቻንድራቹድ በ1982 ችሎቱን የመሩት ዋና ዳኛ ልጅ ናቸው። ጡረተኞቹ በመርሁ ተሸነፉ። በአንድ ነገር ግን ረቱ፦ መንግሥት ራሱ የገባውን የአምስት ዓመት ክለሳ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ አስቦ፣ ውዝፉን በሦስት ወር ውስጥ እንዲከፍል ታዘዘ።

ሦስቱ ወር አልፎ ዓመት ሊሞላ ተቃረበ። በዲሴምበር 2022 ካቢኔው ክለሳውን አጸደቀ፤ ተጠቃሚዎቹ 2.513 ሚሊዮን፣ ውዝፉ 236.38 ቢሊዮን ሩፒ መሆኑ ተነገረ። በጃንዋሪ 2023 ሚኒስቴሩ ውዝፉን በአራት ክፍያ እከፍላለሁ የሚል ደብዳቤ በራሱ አወጣ፤ ዳኞቹ ሚኒስቴሩ የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ በደብዳቤ ሊለውጥ አይችልም ብለው ተቆጡ። ማርች 20 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለምን ገንዘቡ በአንድ ጊዜ እንደማይገኝ የሚያስረዳ ማስታወሻ በታሸገ ፖስታ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ ዋና ዳኛ የሆኑት ቻንድራቹድ ፖስታውን አልቀበልም አሉ፤ ወይ ለጡረተኞቹ ጠበቃ ይሰጥ፣ ወይ ይመለስ። የጡረተኞቹ ገንዘብ ለምን እንደዘገየ በምስጢር አይነገርም የሚል አቋም ነበር፤ ትክክለኛም አቋም ነው። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ራሱ የጊዜ ሰሌዳ አወጣ፦ 6 መቶ ሺህ ለሚሆኑ የተተኪ አበል ተቀባዮችና የጀግንነት ሜዳልያ ባለቤቶች እስከ ኤፕሪል 30፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆናቸው ከ4 እስከ 5 መቶ ሺህ ሰዎች እስከ ጁን 30፣ ለቀሩት አንድ ሚሊዮን ያህል ጡረተኞች ደግሞ በሦስት እኩል ክፍያ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024።

የተተኪ አበል ተቀባዮችንና አዛውንቶችን ያስቀደመው ይህ ሰሌዳ ዳኞቹ ነገሩን በትክክል እንደተረዱት ያሳያል። በጡረታ ክርክር ገንዘቡ ቢመጣም ተቀባዩ ላይደርስበት ይችላል፤ ስለዚህ መዘግየት በራሱ የተቀነሰ ክፍያ ነው። ከ1986 እስከ 2012 የተጓተተው የማዕረግ ክፍያም፣ ከ2006 እስከ 2018 የተጓተተው እርከንም መንግሥት በሕግ የተረታባቸው፣ በጊዜ ግን ያተረፈባቸው ጉዳዮች ናቸው። መድኃኒቱ አዲስ ፍልስፍና አይፈልግም፤ በ2010 እንደታዘዘው አንድ መመሪያ ስሕተት ነው ተብሎ ሲፈረድ፣ ማኅደሩን የያዘው መሥሪያ ቤት በዚያ መመሪያ የተጎዱትን ሁሉ ስም አውጥቶ፣ ማመልከቻ ሳይጠብቅ፣ ከነወለዱ መክፈል አለበት። «አንድ ማዕረግ፣ አንድ ጡረታ» በአምስት ዓመት ቀመሩ መሠረት በድጋሚ የሚከለሰው ጁላይ 1 ቀን 2029 ነው፤ ያ ክፍያ ክስ ሳይመሠረት በቀኑ ሊከፈል ይገባል።